የመልካ አምባዛው «ዓሣ አራጅ»፦ የአቶ ሙህዲን ኢብራሂም ሕይወት

አቶ ሙህዲን ኢብራሂም ከአባታቸው ከሸህ ኢብራሂም ሰዒድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ኡመር፣ ከጨፋ ሮቢት ወረድ ብላ በረግረጉ ዳር በምትገኘው መንደራቸው፣ በ1948 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ተወለዱ። የቦርከና ወንዝ እንደዚያ ክረምት ሞልቶ አያውቅም። ውሃው ደጃፍ ድረስ ገብቶ ስለነበር አዋላጇ በእግራቸው መሻገር አቅቷቸው በበሬ ጀርባ ተሳፍረው ደረሱ። ሕፃኑ ሙህዲን የመጀመሪያዋን ልቅሶ ሲያለቅሱ፣ ከጓሮው ውሃ አምባዛ የሚባለው ሪዛም ዓሣ ተስፈንጥሮ ደጃፉ ላይ ተዘረረ። ዘመድ የሚያወራው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ይሄኛው ግን እውነት ነው።

ቁርአን መቅራት ከአባታቸው ዘንድ ተማሩ። ዘመናዊ ትምህርታቸውንም ከሚሴ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በትምህርት ቤቱ ታሪክ የእሳቸውን ያህል እጁን ያነሳ ተማሪ አልነበረም። ችግሩ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነበር። በየክረምቱ መጀመሪያ፣ የደጋው ጎርፍ ሲወርድ፣ አምባዛው ከቦርከና ወጥቶ መልካ አምባዛ በምትባለው ጠባብ የውሃ በር በኩል ጨፋ ወደሚባለው ረግረግ ሣር ይገባል። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያያል። ግን ለምን ይገባል? ከየትስ ይመጣል? በጋውን የት ይከርማል? መምህራቸው በትዕግሥት ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ሙህዲን፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ግን ይሄ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው» አሏቸው።

በ1964 ዓ.ም. ወደ ኮምቦልቻ አቅንተው በአንድ ጋራዥ የሞተር ጥገና ሙያ ተማሩ። በ1973 ዓ.ም. ከሚሴ ተመልሰው በአስፋልቱ ዳር የራሳቸውን መጠገኛ ከፈቱ። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ላይ እንደ እሳቸው የሞተር ሕመም በድምፅ የሚያውቅ አልተወለደም። የውሃ መሳቢያ ሞተር ገና ከጋሪ ሳይወርድ፣ አንድ ጊዜ ሲያስል ሰምተው «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል፤ ይዘኸው ተመለስ፣ አጥራው» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሳቢራ ጀይሉ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የሠርጉ ጭፈራ ሐርቡ ድረስ ተሰምቷል። ስማቸውም የወጣላቸው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መተረክ ይገባል።

ሙሽራው አማታቸውን ሸህ ጀይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታቸው ሊጋብዙ ተነሱ። በግ ማረድ የማንም አማች ሥራ ነው ብለው ናቁት። ወደ መልካ አምባዛ ወርደው፣ ጅራቷ መሬት ለመሬት የሚጎተት አምባዛ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። በዚያ ዘመን በአካባቢው ዓሣ ማየት እንጂ ዓሣ መብላት ብዙም ልማድ አልነበረም። ሙህዲንም የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ሥጋ ሆኖ ድስት የሚገባ ሁሉ ይታረዳል። ዓሣዋን ግቢው ውስጥ በጎኗ አስተኟት። ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞሩ። ቢላቸውን ስለው «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ብለው ሰነዘሩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አምባዛ አንገት የለውም። ራሱ ያልቅና ወዲያው ሆዱ ይጀምራል።

«ሳቢራ፣ አንገቷ የት ነው?»

«ተሸክመህ ያመጣኸው አንተ! እኔ ላውቅልህ ነው እንዴ?»

በዚህ መሐል ዓሣዋ ተሙለጭልጫ ከእጃቸው ወጣች፤ ግቢውን አቋርጣ ከሸህ ጀይሉ ጫማ ሥር ገብታ ተቀመጠች። ሸሁ ከቤት ብቅ አሉ።

«ምን እየሆነ ነው፣ ሙህዲን?»

«እያረድኩ ነው፣ አባባ።»

«ዓሣ?! ሱብሃነላህ! አንተ ልጅ፣ ዓሣ ሞቶም ሐላል ነው እኮ! ያ ጀመዓ፣ ልጄን ለዓሣ አራጅ ድሬያታለሁ!»

ሸሁ ጥምጣማቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ወሬው ከዐሱር በፊት ከሚሴ ገበያ ገብቶ፣ ከመግሪብ በፊት ደሴ ደርሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሙህዲን «ዓሣ አራጁ» ተባሉ። አዲስ የተሾመ ሹም እንኳ በዚህ ስም ካልሆነ ቤታቸውን የሚጠቁመው አያገኝም ነበር።

ይሁንና ወይዘሮ ሳቢራ የዓሣዋን ሆድ ሲከፍቱ ሳቁ ቆመ። ውስጧ እንደ ዳጉሳ የደቀቀ፣ እንደ ማሾ ያረነጓደ እንቁላል ሞልቶ ፈሰሰ። ሸህ ጀይሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ላም ብትሆን እርጉዝ እናርድ ነበር?» አሉ። ያን ዕለት የተበላው ሽሮ ነው። ሙሽራው ግን ያን እንቁላል ከዓይናቸው ማውጣት አልቻሉም። እንዲህ ሆዷ ከብዷት ሽቅብ ስትገሰግስ የት ልትደርስ ነበር? ቀሪ ዕድሜያቸው በዚህች ጥያቄ ላይ አለቀ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጥያቄያቸውን በሞተር ጠጋኝ ዘዴ ያዙት። የጠፋ ነገር ለማግኘት ምልክት ይደረግበታል። በየክረምቱ መልካ አምባዛ ላይ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ አምባዛውን በእጃቸው እየያዙ ከጎኑ ክንፍ ሥር ቀይ ክር አስረው ይለቁት ጀመር። ክሩ የወይዘሮ ሳቢራ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበሩና። «የሰው ባል ለሚስቱ ወርቅ ያስራል፤ የኔው ከመኪናዬ ላይ ክር ነቅሎ ለዓሣ ያስራል» እያሉ በየለቅሶ ቤቱ ከሰሷቸው። ሆኖም አንድ ቀን አብረዋቸው ወርደው የባላቸውን አስተሳሰር ቢያዩ፣ «ይሄ ቋጠሮ ለዓሣ ቀርቶ ለበሬም አይሆን፤ ወዲህ አምጣት» ብለው አንዷን በገዛ እጃቸው በልብስ ሰፊ ቋጠሮ አሰሩላቸው።

አቶ ሙህዲን ገበያ በቆመ ቁጥር ወደ ሰንበቴ ከተማ ይወርዱ ነበር። ምክንያታቸው የሞተር ዕቃ መሸጥ ነው፤ እውነተኛው ጉዳያቸው ግን ከቆላ ፍየልና ግመል ነድተው የሚመጡትን አፋሮች መጠየቅ ነበር። ወንዙ ወደዚያ ነው የሚወርደው። ወዳጃቸው ሁመድ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሳቁ ይቀድመው ነበር።

«ሁመድ፣ ቀይ ክር ያሰረ ዓሣ አየህ?»

«ሙህዲን፣ ዓሣህን ልትድር ነው እንዴ እንዲህ የምታስጌጠው?»

አንድ የገበያ ቀን ሁመድ ቀንዷ ላይ ቀይ ክር ያሰረባትን ፍየል እየጎተተ መጣ። «ይኸው ዓሣህ! መንገዱ ርቋት ፍየል ሆነች» አላቸው። አቶ ሙህዲን እየሳቁ ፍየሏን ገዝተው ተመለሱ። እሷም «ቁርጡሚ» ተብላ፣ ማለትም በኦሮምኛ «ዓሣ» ተብላ፣ በግቢያቸው ኖራለች።

በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባ፣ መልካ አምባዛ ላይ ቆመው ሳለ እጃቸው የገባችው አምባዛ ክር ነበራት። ቀይነቱ ለቆ ሐመር ሆኗል። ክሩን በጥሰው፣ ዓሣዋን ለቀው፣ እርጥብ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ከሚሴ ገብተው ከባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና ላይ አኖሩት። ወይዘሮ ሳቢራ መነጽራቸውን አድርገው ቋጠሮውን አገላብጠው አዩና «ወላሂ የኔ ነው!» አሉ። አቶ ሙህዲን በገበያው መሐል «ሄዳ ተመልሳ መጣች! ሄዳ ተመልሳ መጣች!» እያሉ ሲሮጡ፣ ያላወቀ ሰው ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ያለቻቸው መስሎት «እንኳን ደስ ያለዎ» ብሏቸዋል። እሳቸውም «አሜን፣ አሜን» ብለው ተቀበሉት።

ያን ዕለት የነገሩን ሥር አወቁ። አምባዛዋ መንገደኛ አይደለችም። ጨፋ ሣር ውስጥ ትወልዳለች፤ ውሃው ሲጎድል ልጆቿን አስከትላ ወደ ቦርከና ትመለሳለች፤ ሌላ ክረምት ደግሞ በዚያችው በር ትገባለች። የቤት ልጅ ናት። በጋውን የት እንደምትከርም ግን አልደረሱበትም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የጨፋ ዳር ሁሉ ቀይ ሽንኩርት ሆነ፤ በየማሳው ሞተር ተተከለ። ለአቶ ሙህዲን መልካም ዘመን ነበር፤ በሸለቆው ውስጥ እጃቸው ያልነካው ሞተር የለም። ነገር ግን ሞተር ውሃ ይፈልጋል። ማሳው ከመልካ አምባዛ አጠገብ የሆነው ቶፊቅ፣ ጎበዝ የሽንኩርት ገበሬ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የማዳበሪያ ከረጢት በአሸዋ እየሞላ የውሃዋን በር ዘጋ። በበጋ ውሃ እንዳይሸሽ ብሎ ነው፤ አይፈረድበትም። ክረምት ሲገባም አልከፈተውም፤ ጎርፉ ያልተነቀለ ሽንኩርቱን እንዳያበሰብስበት ብሎ ነው፤ ይሄም አይፈረድበትም።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ የደጋው ጎርፍ ወረደ። አምባዛው እንደ ልማዱ መጣና ከአሸዋው ግንብ ሥር ተከመረ። ወሬው ሲሰማ አገሩ ዱላና ገጀራ ይዞ ወጣ። ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ የበተኑም ነበሩ፤ ዓሣው ራሱን ስቶ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ባጃጁ ሁሉ ዓሣ ጫነ፤ ውሻው ጠግቦ መጮኽ አቃተው። እንዲህ ያለ ጥጋብ ታይቶ አይታወቅም ያሉ ብዙዎች ናቸው። አቶ ሙህዲን የሞተር መፍቻ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው ጭቃው ላይ የተዘረገፈውን እንቁላል ሲያዩ ዋሉ። በዕድሜያቸው ምንም ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን ያ ብቻ ነው።

በተከታዩ ክረምት የገባው አምባዛ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ሽመላው መጥቶ ጥቂት ቆሞ ተመለሰ። ረግረጉም ከዳር እየደረቀ ፊላው ቢጫ ሆነ፤ በበጋ ለሣር የሚመጡት የአፋር ከብቶች ሳይጠግቡ ሄዱ።

በ2012 ዓ.ም. በበልግ አቶ ሙህዲን የጨፋን ሽማግሌዎችና ገበሬዎች ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። ሰው ጠርተው የቀረባቸው የለም፤ የጥገና ዱቤ የሌለበት አልነበረምና። «ወገኖቼ፣» አሉ፣ «አያቶቻችን በኦሮምኛ ጨፌ የሚሉት ረግረጉንም ነው፣ ሸንጎውንም ነው። ለምለሙ ሣር ላይ ተቀምጠው ስለሚመክሩ ነው። ሣሩ ካለቀ በኋላ ሸንጎው ምን ላይ ሊቀመጥ ነው? ጠጠር ላይ?»

ቶፊቅ ተነሣ። «ጋሽ ሙህዲን፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ሞተሬን ሲጠግኑልኝ ከርመው ውሃዬን ሊከለክሉኝ ነው? ልጆቼን ሽንኩርት እንጂ አምባዛ አያስተምርልኝም።»

«አብሽር፣ ቶፊቅ። የበጋው ውሃ ያንተ ነው። እኔ የምልህ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲሰማ በሩ ይከፈት፣ ውሃው እስኪጎድል አይዘጋ ነው። ቀድሞ ዘርቶ ከሐምሌ በፊት ለሚነቅል ሁሉ ሞተሩን በነፃ እጠግናለሁ።»

«እሺ በሩ ተከፈተ እንበል። ገጀራ ይዞ የሚጠብቀውን ማን ይከለክለዋል? ዓሣው እንደሆነ አይናገር!»

አቶ ሙህዲን ያን ጊዜ ሕግ አወጡ፤ እንደዚያ ያለ ሕግ በየትኛውም ጨፌ ወጥቶ አያውቅም። «በመግቢያው ሰሞን መልካ አምባዛ ላይ ዓሣ ይዞ የተገኘ ሰው፣ መስጊዱ ፊት ለፊት፣ እኔ እንዳረድኩት ይረድ። ቂብላ ያዙር፣ ቢስሚላህ ይበል፣ አንገቱን ፈልጎ ያግኝ። ከዚያ ስሜን ይውሰድ። ‹ዓሣ አራጅ› ይባል። ሌላ ጥፋተኛ ይዞ እስኪያስረክበውም ስሙ ከላዩ አይወርድም።» ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ስቀውም ዱአ አድርገው አጸደቁት።

በዚያው ሐምሌ የመጀመሪያው ተያዥ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቶፊቅ! «አንዲት ብቻ ናት፣ ለእንግዳ ነው» ቢል ማን ሰምቶት። መስጊዱ ፊት ቢላ ተሰጠው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አንገቷን አሳየን! አንገቷን!» እያለ ከበበው። ቶፊቅ ዓሣዋን ታቅፎ ሩጦ ውሃ ውስጥ መለሳት፤ ስሙን ግን መመለስ አልቻለም። ልጆቹ ሳይቀሩ በትምህርት ቤት «የዓሣ አራጅ ልጅ» ተባሉ።

ቶፊቅ ስሙን የሚያወርስበት ሰው ፍለጋ ክረምት በገባ ቁጥር ዣንጥላ ይዞ በሩ ላይ ይቆም ጀመር። መንግሥት ዘበኛ ቢቀጥር እንደዚያ አይጠብቅም። ሰውም ስሙን ፈርቶ አልቀርብ አለ። ሰው ስላልቀረበ ደግሞ ስሙ ከቶፊቅ ሳይወርድ፣ አምባዛው ግን በዓመት በዓመቱ እየበዛ ሄደ። ሽመላው ተመለሰ። ዛሬ በሐምሌ የሚገባው ዓሣ ሰንበቴ ላይ ከሚቆመው ፍየል ይበልጣል።

አቶ ሙህዲን በ2016 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ታመው ደሴ በሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹን ስለ ኩላሊታቸው ሳይሆን «ዓሣስ ኩላሊት አለው?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። አለው ሲሏቸው ደስ አላቸው። ዘንድሮ በሰኔ ሕመሙ በርትቶ አልጋ ላይ ዋሉ። ደጋው ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሊጠይቃቸው የገባውን ሁሉ ከሰላምታ በፊት «ተከፈተ?» ይሉት ነበር። አልተከፈተም ነበር። ዘንድሮ የቶፊቅ ዘር ዘግይቶ፣ ሽንኩርቱ ሁሉ ገና መሬት ውስጥ ነው። ከከፈተ የዓመት ልፋቱ ይበሰብሳል፤ ካልከፈተ አምባዛው እንደዚያ ዓመት ይከመራል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም።

ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቶፊቅ ራሱ መጥቶ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ።

«ሽንኩርትህ መሬት ውስጥ ነው አሉ።»

«ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ አላስጨንቅህም። ስሜን ብቻ መልስልኝ። መጀመሪያም የኔ ነበር፤ ይዤው ልሂድ። አንተም ትገላገላለህ፣ ልጆችህም ያርፋሉ።»

ቶፊቅ ብዙ ዘመን ሲሸሸው የኖረው ስም ነው። ግን «አልመልስም» አለ። «ስሙን ይዘው ከሄዱ ነገ በሩ ላይ ማን ይቆማል? አገሩ ሁሉ ‹ዓሣ አራጅ ሞተ› ብሎ ገጀራውን ሊስል ነው። ኧረ በአላህ ጋሼ፣ ስሜን ተዉልኝ!» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ከቤት ቤተሰቡን ጠርቶ ግማሾቹን ሽንኩርት ነቀላ አሰማራ፤ እሱ ከቀሩት ጋር የአሸዋውን ከረጢት እያነሣ በሩን ከፈተ። ከሽንኩርቱ የተረፈው ተረፈ፤ የቀረውን ውሃ ወሰደው። ጭቃው ጉልበቱን አልፎ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ ተመልሶ ገባ።

«ተከፈተ፣ ጋሼ።»

አቶ ሙህዲን ዓይናቸውን ገለጡ። «መጀመሪያ የገባችው ትልቅ ናት ትንሽ?»

«ኧረ እሱን እንኳ አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ? ሂድና እያት!»

በዚህች ዓለም ለሰው የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይሄው ነው። ቶፊቅ አይቶ ሳይመለስ ሸሃዳቸውን በከንፈራቸው ይዘው በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ ተፈጽሟል፤ ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ የአስፋልቱ መኪና ቆሞ ነበር።

አቶ ሙህዲን ከወይዘሮ ሳቢራ ጀይሉ ጋር በመሠረቱት ትዳር ኢክላስ፣ ፊርደውስ እና ዓብዱልመጂድ ሙህዲን የተባሉ ልጆችን አፍርተው የልጅ ልጆችም አይተዋል። ወይዘሮ ሳቢራ ለዘንድሮ ክረምት አንድ ድፍን የቀይ ክር ጥቅል መኪናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ የነካው ሰው ወዮለት።

ቶፊቅ መልሱን ይዞ ሲመጣ ቤቱ ለቅሶ ሆኖ ጠበቀው። የተላከበትን ነገር የሚነግረው ሰው አጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ስለዚህ መልሱ እዚህ ይጻፍላቸው፦ መጀመሪያ የገባችው ትልቅ ናት። ሆዷ ከብዷታል። ይህን ታሪክ ያዘጋጀው የእህታቸው ልጅ ሙጂብ ቀይ ክርም ነበራት ብሎ ሊጨምር ብዕሩን አንሥቶ ነበር፤ ግን ቶፊቅን ደግሞ ደጋግሞ ቢጠይቀው ክር አልነበራትም። አልነበራትም። ሣሩን ከፍላ ገባች፤ ኋላዋም ብዙ ነበሩ።

አጎታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠያቂ ነበሩ፤ ዛሬ በቀብራቸው በመላእክቱ ፊት ተጠያቂ ናቸው። አላህ መልሱን ያግራላቸው። ማረፊያቸውን እንደ ሐምሌ ጨፋ ያስፋላቸው፣ ያለምልምላቸው። በሩንም ክፍት አድርጎ ይጠብቃቸው። አሚን።